ቁልፉ በማን እጅ ነው? ከወርክግሩፕ ወደ ዶሜይን



የዛሬው ርእሴ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የማነሣው የታሪክ ጥያቄ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ይህ ሰው የእኛ ነው፣ ይግባ» ብሎ የሚመሰክረው ማን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማይክሮሶፍት በ1992 «ዊንዶውስ ፎር ወርክግሩፕስ»ን ሲያወጣ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ጎረቤታሞች አደረጋቸው። ፋይልና ፕሪንተር ይጋራሉ፤ የበላይ ግን የላቸውም። በኋላ በመጡት የዊንዶውስ ዓይነቶችም በወርክግሩፕ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን የተጠቃሚዎች መዝገብ ይይዛል። ሰርቨር አይጠይቅም፤ ወጪውም አነስተኛ ነው።

የዚህን ሥርዓት ወሰን ያየሁት በወጣትነቴ ነው። በቴክኒክ ሠራተኛነት በማገለግልበት አነስተኛ መሥሪያ ቤት 14 ኮምፒውተሮች ነበሩ። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ ስሙን ለመሰረዝ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስዞር ዋልሁ። አንዱን ረሳሁ። ከወራት በኋላ ስሙን እዚያው ሳገኘው ደነገጥሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ነገር ግን ጥንቃቄን ሁሉ በአንድ ሰው ትዝታ ላይ የጣለው ሥርዓቱ ነው።

በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ የዶሜይንን መልስ ይዞ መጣ። መዝገቡ በአንድ ዋና ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ ይቀመጣል፤ ቅጂዎቹ በመጠባበቂያዎቹ ላይ ይኖራሉ። አንድ ስም አንድ ጊዜ ከተሰረዘ በዶሜይኑ ሁሉ ተሰረዘ ማለት ነው። ሆኖም ለውጥ የሚቀበለው ዋናው ብቻ ነበር። በ2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ይህን አሻሻለ፤ ኮንትሮለሮቹ ለውጥ እየተቀበሉ እርስ በርስ መገለባበጥ ጀመሩ። ማንነትን ለማረጋገጥም በኤም.አይ.ቲ. የተወለደውን ከርበሮስን ተጠቀሙ።

ታዲያ ጥያቄው ተዘጋ? አልተዘጋም። በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም የመርከብ ኩባንያውን ሜርስክን መታ። አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተካዋል የተባሉት ኮንትሮለሮች በአንድነት ጠፉ። የተረፈው በጋና የነበረው አንድ ብቻ ነበር፤ ያዳነውም ጥቃቱ ከመድረሱ በፊት መብራት ስለጠፋ ከኔትወርኩ መለየቱ ነው። የዓለም አቀፉ ኩባንያ መዝገብ የተመለሰው ከዚያ አንድ ቅጂ ነው።

ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። ወርክግሩፕ ቁልፉን ለሁሉም ያከፋፍላል፤ ስለዚህ የጠፋውን ቁልፍ የሚከታተል የለም። ዶሜይን ቁልፎቹን በአንድ ላይ ያስራል፤ ስለዚህ እስሩን የነጠቀ ቤቱን ሁሉ ይነጥቃል። ለአምስት ኮምፒውተሮች ጉርብትናው ይበቃ ይሆናል፤ ለአምስት መቶ ግን አይበቃም። ዶሜይንን የሚመርጥ ድርጅት ከኔትወርኩ የተለየ ቅጂ በሌላ ስፍራ ያኑር። መብራት በመጥፋቱ መዳን ዕድል እንጂ ዕቅድ አይደለም።