ቀድሞ ለመጣ የተባለው ስም

በዶሜይን ስም ላይ ባለቤትነት የሚባል ነገር የለም፤ ያለው በየጊዜው የሚታደስ ውል ነው። እስከ ሴፕቴምበር 1995 ምዝገባው በነጻ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኔትወርክ ሶሉሽንስ የተባለው ኩባንያ ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ሲጀምር ከክፍያው ጋር መርሳትም መጣ። በ1999 የፈረንጆች ገና ሰሞን ማይክሮሶፍት ለሆትሜይል መግቢያ ለሚያገለግለው ፓስፖርት ዶት ኮም 35 ዶላር ሳይከፍል ቀርቶ ብዙ የሆትሜይል ደንበኞች ኢሜይላቸውን መክፈት አቅቷቸው ነበር፤ ዕዳውን ከኪሱ የከፈለው አንድ ፕሮግራመር ነው። ውሉ ያለቀበት ስም ግን ዘወትር እንዲህ ያለ ወዳጅ አያገኝም። ደንቡ የተለቀቀ ስም ቀድሞ ለመጣ ይሰጥ ይላል። እኔ የምለው፣ ይህ ደንብ ከ2000 ወዲህ በተግባር ጨረታ ሆኗል፤ ክፋቱም ጨረታው በይፋ አለመካሄዱ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የዶት ኮም ስም ጊዜው ሲያልፍ መዝጋቢው ድርጅት እስከ 45 ቀን ሊያቆየው ይችላል። ከሰረዘውም በኋላ ባለውሉ ከፍ ያለ ክፍያ ከፍሎ የሚያስመልስበት 30 ቀን አለ፤ ይህ እፎይታ የመጣው በ2003 ነው። ቀጥሎ ማንም የማይነካው 5 ቀን፤ ከዚያ ቬሪሳይን ከሚያስተዳድረው ማዕከላዊ መዝገብ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ሲጠብቁት የነበሩ ኮምፒውተሮች የምዝገባ ጥያቄ ያዘንባሉ፤ ተፈላጊ ስም ሰከንድ ሳይሞላ ይያዛል። እያንዳንዱ ባለፈቃድ መዝጋቢ ከመዝገቡ ጋር የሚገናኝባቸው መስመሮች የተወሰኑ ናቸውና ዕድል የሚሰፋው ፈቃድ በማብዛት ነው። ድሮፕካች የተባለው ድርጅት በ2016 በአንድ ጊዜ 500 ተጨማሪ ፈቃዶች አወጣ። የአንዱ ዓመታዊ ክፍያ 4,000 ዶላር ስለሆነ ለእነዚህ ብቻ በዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው። ይህን ያህል የሚወጣው መዝገቡ ለሁሉም ስም አንድ ዋጋ ስለሚተምን ነው፤ እስከ 2007 ድረስ 6 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋና ገዢ በሚከፍለው መካከል ያለው ልዩነት የፈጣኑ ሲሳይ ነው። ተራው ሰው አስቀድሞ ትእዛዝ ያስገባል፤ አዛዦቹ ከበዙ ስናፕኔምስን የመሰሉ ድርጅቶች እርስ በርስ ያጫርቷቸዋል።

«ስሙን ችላ ያለው ራሱ ነው፤ ለሚፈልገው ቢተላለፍ ማን ይጎዳል?» የሚል አለ። ግማሹ እውነት ነው፤ ተኝቶ የኖረ ስም ሥራ ላይ ቢውል ይሻላል። ነገር ግን ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ መዝጋቢዎች ስሙ ሳይሰረዝ ለጨረታ ማቅረብ ለምደዋል፤ ከሽያጩም ለቀድሞው ባለውል በአብዛኛው ሳንቲም አይደርሰውም። ቬሪሳይን በ2001 መጨረሻ ለእያንዳንዱ ስም አንድ ተጠባባቂ ብቻ የሚመዘገብበት ሥርዓት አቅርቦ ነበር፤ መዝጋቢዎች «ሞኖፖል ነው» ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፣ ሥርዓቱም ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስጋታቸው ተገቢ ነበር፤ በምትኩ ያቆዩልን ገበያ ግን ለማጭበርበር የተመቸ ነው። በ2009 ስናፕኔምስ ራሱ እንዳመነው አንድ ሠራተኛው ከ2005 ጀምሮ በሐሰት ስም እየተጫረተ ዋጋ ሲያንር ኖሯል። ተጫራቾቹ በይፋ የሚታወቁበት፣ ለቀድሞው ባለውልም ድርሻ የሚሰጥ አንድ ጨረታ ከዚህ ሁሉ ሽሚያ ይሻል ነበር።

እስከዚያው አንባቢ ራሱን ይጠብቅ። ከ2013 ጀምሮ መዝጋቢው ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው፣ እንደገናም አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ካለቀም በ5 ቀን ውስጥ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። መልእክቱ የሚሄደው በምዝገባው ወደተሰጠው ኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉ በዚያው ባለቀ ስም ላይ ከሆነ የመጨረሻው መልእክት ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ የምዝገባ ኢሜይላችሁን በሌላ ዶሜይን ላይ አድርጉት።