የኤኮ ጊታርና የአኮርዲዮን ሠሪዎች እጅ

የታሪክ ተማሪ ምስክር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚያስበው በብራና ወይም በወረቀት ላይ የሰፈረውን ጽሑፍ ነው። ይሁን እንጂ ሰው በእጁ የሠራው ዕቃም ለሚጠይቀው ብዙ ነገር ይመሰክራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኤኮ የተባለው የኢጣልያ ፋብሪካ የሠራውንና ዛሬ እንደ ልብ የማይገኘውን ባለ አራት የድምፅ መቀበያ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ይህን ጊታር የሚያዩ ሰዎች በመልኩ እንግዳነት ይደነቃሉ፤ አንዳንዶችም የሠሪው ቅብጠት አድርገው ይገምቱታል። እኛ ግን ከእንግዳ ነገሮቹ ዋና ዋናዎቹ የመጡት ከሌላ ሙያ፥ ይኸውም ከአኮርዲዮን ሥራ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

በኢጣልያ ምሥራቃዊ ክፍል፥ ከአድርያቲክ ባሕር ብዙ ሳይርቅ፥ ማርኬ በሚባለው አውራጃ ካስቴልፊዳርዶ የምትባል ትንሽ ከተማ በኮረብታ ላይ ትገኛለች። ፓውሎ ሶፕራኒ እ.ኤ.አ. በ1863 አኮርዲዮን መሥራት ከጀመረ ወዲህ፥ የከተማይቱና የአካባቢዋ ብዙ ሰው ኑሮውን በዚህ መሣሪያ ላይ መሠረተ። አንዱ እንጨቱን ይጠርባል፤ አንዱ ወናፉን ያጣጥፋል፤ ሌላው ድምፅ የሚሰጡትን ቀጫጭን የብረት ምላሶች ይሞርዳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መሣሪያው ወደ ውጭ አገር፥ ይልቁንም ወደ አሜሪካ፥ በብዛት ይሸጥ ነበር። ነገር ግን 1950ዎቹ ሊያልቁ ሲሉ ሮክ ኤንድ ሮል የወጣቱን ልብ ስለ ማረከ ገበያው ፊቱን ወደ ጊታር አዞረ። እንግዲህ ያ ሁሉ ባለሙያ ምን ይሁን?

በአኮርዲዮን ንግድ ውስጥ የነበረው ኦሊቪዬሮ ፒጂኒ ለዚህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1959 መልስ ሰጠ። ኤኮ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፥ በአቅራቢያ ባለችው በሬካናቲ ጊታር ማሠራት ጀመረ። የምርቱ ዓይነት ተለወጠ፤ የሠራተኛው እጅና ልማድ ግን በአንድ ቀን የሚለወጥ አልነበረም። ይህንንም ጊታሩ ራሱ ያሳየናል።

የመጀመሪያው ምስክር የጊታሩ ልባስ ነው። የእንጨቱ አካል በቀለም ከመቀባት ይልቅ የሚያብለጨልጭ ወይም ዕንቍ የመሰለ ሴሉሎይድ ለብሷል። ሴሉሎይድን በሚያሟሟ ፈሳሽ አለስልሶ በእንጨት ላይ ያለ እጥፋት መለጠፍ ብዙ ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። የአኮርዲዮን ሠሪዎች ግን ይህን ጥበብ አስቀድሞ ያውቁት ነበር፤ በአገራችን ባንዶች እጅ የምናየው አኮርዲዮን የሚያብረቀርቀውም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዓይነት ልባስ ነው።

ሁለተኛውና የበለጠ ክብደት ያለው ምስክር በፊቱ ላይ የተደረደሩት አዝራሮች ናቸው። የድምፅ መቀበያ የሚባለው ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የብረቱ አውታር በላዩ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። ወደ አንገቱ የቀረበው መቀበያ ወፍራም፥ ወደ አውታሩ መቋጫ የቀረበው ደግሞ ቀጭንና ስል ድምፅ ይሰጣል። ተጫዋቹ ከአራቱ የሚፈልጋቸውን አጣምሮ የሚመርጠው አዝራር በመጫን ነው። አኮርዲዮንን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በትልልቆቹ አኮርዲዮኖች በቀኝ እጅ በኩል አራት ረድፍ የብረት ምላሶች ይገኛሉ፤ ሬጂስትር የሚባለው አዝራር ሲጫን አንዱ ረድፍ ብቻውን ወይም ከሌላው ጋር ተጣምሮ ይናገራል። እንግዲህ አራቱ ረድፍ በአራቱ መቀበያ ተተካ፤ የምርጫው ዘዴ ግን ያው ቀረ።

በዚህ ላይ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል፤ እኛም አንሸሽገውም። ቀንድ መሰሉ የአካሉ ቅርጽ በጊዜው ገበያውን የያዙትን የአሜሪካ ጊታሮች የተከተለ ነው። በአንገቱ ራስ፥ ከአውታር ማሳለፊያው አጠገብ የተጨመረው ትርፍ የብረት ዘንግም ከአኮርዲዮን ጋር ግንኙነት የለውም። አውታሩ በዘንጉ ላይ ስለሚያርፍ፥ ማሳለፊያውን አንድ በአንድ እየሞረዱ ከፍታውን ማስተካከል ይቀራል፤ ስለዚህ ፋብሪካው ሥራውን ለማፋጠን የመረጠው ይመስለናል። እንግዲህ ጊታሩ ሁለት ምንጭ አለው ማለት ነው፤ መልኩን ከገዢው ፍላጎት፥ ቆዳውንና አዝራሩን ከሠሪው ልማድ ወሰደ።

ይህ ሁኔታ ብዙ አልቆየም። ፋብሪካው ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ሴሉሎይዱን እየተወ ጊታሮቹን በቀለም ወደ መቀባት አለፈ፤ ፒጂኒም እ.ኤ.አ. በ1967 ሞተ። ስለዚህ ሴሉሎይድ የለበሰው ጊታር የጥቂት ዓመታት የሽግግር ዘመን ምስክር ሆኖ ቀረ። አኮርዲዮኑም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም። ካስቴልፊዳርዶ እ.ኤ.አ. በ1981 የአኮርዲዮን ቤተ መዘክር ከፍታለች፤ መሣሪያውም እስከ ዛሬ በዚያው ይሠራል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ የአንድ ዕቃ ገበያ ሲሞት የሠሪው ሙያ አብሮ መሞት እንደሌለበት ነው። ፒጂኒ በአገሩ ያለው እጅ የሚያውቀውን ይዞ ወደ አዲስ ሥራ እንዲሻገር አደረገ። የሸማኔውን፥ የአንጥረኛውንና የፋቂውን ሙያ የወደፊት ዕድል የምንመረምር ተማሪዎች፥ ዕቃው ይቀጥል ወይስ ይቅር ብለን ከመጠየቃችን አስቀድሞ፥ እጁ ሌላ ምን መሥራት ይችላል ብለን ብንጠይቅ ይበጃል።