የትከሻ መገጣጠሚያ ቅየራ፦ ከመፈረም በፊት

በአርትራይተስ የትከሻ አጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ አካል ሲያልቅ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። ክኒን፣ መርፌና ፊዝዮቴራፒ ካላስታገሡት የመገጣጠሚያ ቅየራ ይታሰባል።

ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስኑት በትከሻው ዙሪያ ያሉት ጅማቶች ናቸው። ደህና ከሆኑ የክንዱ አጥንት ራስ በብረት ኳስ፣ ጎድጓዳው በፕላስቲክ ይተካል። ከተበጠሱ ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን በ1985 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የተገላቢጦሽ ቅየራ ይመረጣል፤ ኳሱ በጎድጓዳው ቦታ ይገባና ክንዱን ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ያነሣዋል። ክንዱ ለሳምንታት ስለሚታሰር ቤት ውስጥ ረዳት ያስፈልጋል።

በፔታህ ቲክቫ ቤይሊንሰን ሆስፒታል ለመታከም ከቁፓት ሖሊም ቶፌስ 17 ይያዛል። በእስራኤል የ1996ቱ የታካሚ መብት ሕግ ታካሚው በሚገባው መንገድ እንዲነገረው ያዛል። ስለዚህ አስተርጓሚ ሳይጠይቁ፣ «ጅማቶቼ እንዴት ናቸው?» ሳይሉ መፈረም አይገባም።