ሌዘር ከላቦራቶሪ እስከ ጋራዥ

በቅድሚያ ቃሉን እናጥራ። ሌዘር ስንል ጃኬቱን ማለታችን አይደለም። አማርኛችን ለቆዳውም ለጨረሩም አንድ አጠራር ይዞ ስለተቀመጠ፣ ርዕሱን አይታችሁ የጫማና የቦርሳ ወሬ ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ። የዛሬው ወጋችን ስለ ጨረሩ ነው። ይልቁንም በትርፍ ጊዜያቸው፣ ጋራዥና ምድር ቤት ውስጥ ሆነው፣ እንጨትና ፕላስቲክ የሚቆርጥ የሌዘር ማሽን በገዛ እጃቸው ስለሚገጣጥሙ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እንላለን።)

የሌዘርን ታሪክ ስናነብ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመን የሊቃውንት የቅድሚያ ጭቅጭቅ ነው። ማን አሰበው፣ ማን ጻፈው፣ ማን ሠራው፣ ኖቤሉን ማን ወሰደው… ጭቅጭቁን እኛም እንወደዋለን። ግን በእሱ ብቻ ከሄድን ማሽኑ እንዴት ከላቦራቶሪ ወጥቶ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ አይገባንም። ያወጡት ሌሎች ናቸው፤ የሠሩትን ነገር ሌላው ሰው ደግሞ እንዲሠራው አድርገው የጻፉ ሰዎች።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንስታይን ነው (ምን ከእሱ የማይጀምር አለ?)። በ1917 ዓለም ስትዋጋ እሱ በርሊን ተቀምጦ፣ ጉልበት የተሸከመ አቶም ትክክለኛው ዓይነት ብርሃን ሲነካው የነካውን ቁርጥ አድርጎ የሚመስል ሌላ ብርሃን እንደሚለቅ በስሌት አሳየ። ሠርግ ቤት አንዷ እልል ስትል ሌላዋ በዚያው ድምፅ እንደምትቀበላት ማለት ነው። ይህን እልልታ በሁለት መስታወቶች መካከል እያመላለሱ ማብዛት ከተቻለ፣ የማይበተን፣ አንድ ቀለም ያለው፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ጨረር ይወጣል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በእጅ ለመሥራት ግን ከ40 ዓመት በላይ ፈጀ።

የተሳካለት ቴዎዶር ሜይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ በሚገኘው የሂዩዝ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ቀኑ ሜይ 16፣ 1960፤ በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ ግርግር ሊመጣ ሰባት ወር ሲቀረው። ሌሎቹ ላቦራቶሪዎች ብዙ ገንዘብና ብዙ ሰው ይዘው በዚሁ ነገር ላይ ይራኮቱ ነበር። ከአንጋፋዎቹ አንዱ አርተር ሻውሎ ሮዝ ሩቢ የተባለው ድንጋይ ለዚህ ሥራ እንደማይሆን በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ሜይማን ልኬቱን ራሱ ደግሞ ለካና ይሆናል አለ። ከዚያ ምን አደረገ? ለፎቶ አንሺዎች የሚሸጥ ጠምዛዛ የፍላሽ አምፖል ገዛ። ጫፍና ጫፉ ብር የተቀባ ትንሽ የሩቢ ዘንግ በጠምዛዛው መሐል ከተተ። በአሉሚኒየም ከለለው። ፍላሹን አበራው። አለቀ!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የዓለም የመጀመሪያው ሌዘር ዋና ክፍል ከካታሎግ የተገዛ አምፖል ነው። ጠቅላላው ነገር በእጅ መዳፍ ይያዛል። ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ የተባለው መጽሔት መጣጥፉን ሲመልስበት፣ የእንግሊዙ ኔቸር በኦገስት አወጣለት። ጋዜጦቹ ደግሞ በጁላይ «የሞት ጨረር ተፈለሰፈ» ብለው አራግበውት ነበር። ከሁሉ የምንወደው ግን የፎቶግራፉን ታሪክ ነው። ለጋዜጣ መግለጫው ፎቶ ሊያነሳ የመጣው ባለሙያ የእውነተኛውን መሣሪያ ትንሽነት አይቶ ቅር አለው፤ ይህ አያምርም ብሎ፣ አጠገቡ ያለውን ተለቅ ያለ አምፖል የያዘውን አነሳ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ፎቶውን በጋዜጣ አዩና ያንኑ ትልቁን አምፖል ገዝተው ሠሩ። ሠራላቸው! ለማስታወቂያ የተነሳ፣ ያውም የዋናውን ያልሆነ ፎቶ፣ እንደ ንድፍ አገለገለ ማለት ነው። አንድ ነገር ሊሠራ እንደሚችል ማወቅና ምን እንደሚመስል ማየት ብቻውን ስንት እንደሚያራምድ ከዚህ በላይ ምስክር አናውቅም።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃራኒው እንሂድ፤ ወደ ጎርደን ጉልድ። ጉልድ በ1957 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። በኖቬምበር አንድ ሌሊት ሐሳቡ መጣለትና በደብተሩ ላይ ጻፈው። «ሌዘር» የሚለውን ስምም እዚያው ደብተር ላይ አሰፈረ። ከዚያ ደብተሩን ይዞ ብሮንክስ ወደሚገኝ የከረሜላ ሱቅ ሄደ። ለምን ቢሉ፣ ባለሱቁ ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ነበረው። (የእነሱ ውልና ማስረጃ ከረሜላም ይሸጣል።) ማኅተሙን አስመታ፣ ቀኑን አስጻፈ፣ ደብተሩን ዘጋ። የፈጠራ መብት ለማስመዝገብ በመጀመሪያ መሣሪያውን መሥራት ያስፈልጋል ብሎ አምኖ ስለነበር ማመልከቻ ሳያስገባ እስከ 1959 ቆየ። በዚህ መሐል ቻርልስ ታውንስና ሻውሎ ቀደሙት።

የሚቀጥለው የልቦለድ ይመስላል። ጉልድ የተቀጠረበት ኩባንያ ከአሜሪካ መከላከያ 300 ሺህ ዶላር ጠየቀ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ተሰጠው። ወታደሩ በጉዳዩ ስለጓጓ ፕሮጀክቱን ምስጢር አደረገው። ጉልድ ደግሞ በወጣትነቱ ከማርክሲስቶች ጋር ጥናት ተቀምጦ ስለነበር ምስጢር እንዲያይ አልተፈቀደለትም። በራሱ ሐሳብ ላይ በተጀመረ ሥራ ራሱ በር ላይ ቀረ። (የእኛ አገር የዚያ ዘመን የጥናት ክበብ አባላት ይህን ሲያነቡ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም።) የመጀመሪያውን ትልቅ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1977 ነው። ክርክሩ ግን እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ቀጠለ። በመጨረሻ አሸነፈ፤ ሀብታምም ሆነ። ደብተሩ ግን በእነዚያ ዓመታት ለጠበቆች እንጂ ለሠሪዎች አልጠቀመም።

ጠበቆቹ ሲከራከሩ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ «አማተር ሳይንቲስት» የሚል ዓምድ ነበረ፤ አዘጋጁ ክሌር ስቶንግ። ሰውየው የኖቤል ተሸላሚ አይደለም፣ ስሙንም ብዙ ሰው አያውቀውም። የሌዘር ቆራጭ ቤቱ የሠራ ሰው ሁሉ ግን የእሱ ባለዕዳ ነው ብንል አናጋንንም። በሴፕቴምበር 1964 ዓምዱ ላይ አንድ ትጉ አማተር በቤቱ የጋዝ ሌዘር እንዴት መሥራት እንደሚችል አወጣ። የሂሊየምና ኒዮን ሌዘር፣ ቀይ ብርሃን የሚሰጠው። በዓይን የሚታየው ቀዩ ዓይነት ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ከተሠራ ገና ሁለት ዓመቱ! የመስታወት ቱቦ፣ አየር መምጠጫ ፓምፕ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ሁለት መስታወት… በ1970 ደግሞ በቀለም ፈሳሽ የሚሠራውን ሌዘር አወጣ። በ1974 በናይትሮጅን የሚሠራውን አወጣ፤ ይኼኛው ጭራሽ ያለ መስታወትም ይሠራል። በመካከል፣ በሴፕቴምበር 1971፣ አንድ የካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሠራውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር አስነበበ።

ይህ የመጨረሻው ለወሬያችን ዋናው ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የቆራጮቹ አባት ነውና። የፈጠረው ኩማር ፓቴል፣ ሕንድ አገር ባራማቲ የተወለደ፣ በ1964 ቤል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራው 26 ዓመቱ ነበር። ጋዙ ስንተነፍስ የምናወጣው ያው ጋዝ ነው። ናይትሮጅን ሲጨመርበት ናይትሮጅኑ ከኤሌክትሪክ የተቀበለውን ጉልበት ለካርቦን ዳይኦክሳይዱ ያሻግራል፤ ሂሊየም ሲጨመር ያበርደዋል። በአጭር ጊዜ ውስጥ ኃይሉ ከ100 ዋት በላይ ሆነ። ፋብሪካዎችም ሌዘርን ለሥራ ማዋል ጀምረው ነበር። በ1965 ዌስተርን ኤሌክትሪክ የሽቦ መሳቢያ አልማዝ በሩቢ ሌዘር ይበሳ ነበር። በ1967 እንግሊዝ ውስጥ ፒተር ሆልድክሮፍት ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ ጨረር ጋር ኦክስጅን እየነፋ በ300 ዋት 1 ሚሊ ሜትር ብረት ቆረጠ። ከዚያ በኋላ ያለው ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ፋብሪካ ታሪክ ስለሆነ እንለፈው።

ወደ ቤት እንዴት ገባ? በሦስት በር ነው። አንደኛው በቻይና በኩል ነው። ጋዙ ተሞልቶ የታሸገ፣ 40 ዋት አካባቢ ኃይል ያለው የመስታወት ቱቦ በ2000ዎቹ በርካሽ ይሸጥ ጀመር። ፓምፕ አያስፈልግ፣ ጋዝ መቀላቀል የለ። በዚሁ ቱቦ የተሠራና ኬ40 በሚል ስም የታወቀ ትንሽ ማሽንም መጣ። ገበያ ላይ የቀረበው ለምን ይመስላችኋል? የጎማ ማኅተም ለመቅረጽ! ያለ ማኅተም ወረቀት በማይንቀሳቀስበት አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ ልብ የሚያሞቅ ዝምድና ነው። ሁለተኛው በር አእምሮው ነው። አርዱይኖ የተባለችው ርካሽ ሰሌዳ በ2005 ጣሊያን፣ ኢቭሬያ ተወለደች። በ2009 ደግሞ ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ፣ ይህችው ሰሌዳ የማሽን ሞተሮችን እንድትነዳ የሚያደርግ ገርብል የተባለ ሶፍትዌር ጽፎ በነጻ ለቀቀ። ሦስተኛው በር ልማዱ ነው። ኤምአይቲ ውስጥ ኒል ገርሸንፌልድ በ1998 ማንኛውንም ነገር ስለ መሥራት የሚያስተምር ኮርስ ከፈተ፤ ከዚያም ፋብ ላብ የሚባሉት ክፍት አውደ ጥናቶች ተወለዱ። በ2004 ጋና፣ ታኮራዲ ላይ አንዱ ተከፈተ። በእነዚህ ቤቶች የሌዘር ቆራጭ ከዋናዎቹ መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ማሽኑ ራሱ ሲታይ አያስፈራም። ቱቦው ከኋላ ይተኛል። ጨረሩ ከአንድ መስታወት ወደ ሌላው እየዘለለ፣ በሦስተኛው ላይ ወደ ታች ይታጠፍና በሌንስ ውስጥ ያልፋል። ሁለቱ መስታወቶች በሐዲድ ላይ በትናንሽ ሞተር ይጓዛሉ፤ ልክ እንደ ፕሪንተር። ሠሪውን የሚያለቅሰው ይህ ጉዞ ነው። ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ የሞገዱ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ነው። ስለዚህ በየመስታወቱ ፊት ፕላስተር ይለጠፍና ለቅጽበት ይተኮሳል፣ የተቃጠለችው ነጥብ የት እንዳረፈች ይታያል፣ ብሎኑ በጥቂቱ ይዞራል፣ እንደገና ይተኮሳል። ነጥቧ በአራቱም ማዕዘን አንድ ቦታ ላይ እስክታርፍ ድረስ። ሌሊቱ የሚያልቀው እዚህ ነው።

የሞገዱ ርዝመት ሌላም ጉድ አለው። ለእኛ ዓይን እንደ ውኃ የጠራው አክሪሊክ ለዚህ ጨረር ጥቁር ግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ዋጥ አድርጎት ይቆረጣል። ብረት ግን ገፍቶ ይመልሰዋል፤ 40 ዋት ይዞ ብረት እቆርጣለሁ ማለት ዘበት ነው። ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጡ ጥቃቅን ዳዮዶች የሚሠሩት ርካሽ ማሽኖች ደግሞ በተቃራኒው የጠራ አክሪሊክ መቁረጥ አይችሉም፤ ብርሃናቸው እንደ መስኮት ያልፈዋል።

ስለ አደጋው ሳናነሳ ብናልፍ ጥፋት ነው። ቱቦው የሚነሳው በ20 ሺህ ቮልት አካባቢ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ውኃ ያለበት ባልዲ አለ። የማይታየው ጨረር ዓይንን ያቃጥላል። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሲቃጠል ሳንባንም ማሽኑንም የሚበላ የአሲድ ጋዝ ያወጣል። ሌዘር በሌዘር ይቆረጣል? ይቆረጣል። ግን ቆዳው በክሮም የለፋ ከሆነ ጭሱ መርዛማ ስለሆነ፣ በዕፅዋት የለፋውን ፈልጉ ይላሉ ልምድ ያላቸው። ይህን ሁሉ ማሽኑ ላይ ተጽፎ አታገኙትም። የሚያውቁት ሠርተው፣ ተቃጥለው፣ ከዚያ የጻፉት ናቸው።

በ2010 ኖርትድ ላብስ በሚል ስም የሚሠሩት አዲ ዋገንክኔክትና ሽቴፋን ሄሽንበርገር ሌዘርሶር የተባለ ትልቅ ቆራጭ ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሸቀጥ አላደረጉትም፤ ንድፉን፣ የዕቃ ዝርዝሩን፣ ሶፍትዌሩን ለማንም ክፍት አደረጉት። ስቶንግ ቢኖር ዓምዱ ላይ ያወጣው ነበር ብለን እንገምታለን። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ግሎውፎርጅ የተባለው ኩባንያ በ30 ቀን 27.9 ሚሊዮን ዶላር የቅድሚያ ሽያጭ ሰበሰበ። የሚያምር ማሽን ነው፤ መስታወት ማስተካከል የለ፣ ፕላስተር የለ። ሥዕሉን ወደ ጉዞ የሚለውጠው ግን የኩባንያው ኮምፒውተር ስለሆነ ያለ ኢንተርኔት አዲስ ነገር አይቆርጥም። ኢንተርኔት ሲጠፋ በቀን ሳይሆን በሳምንት በተቆጠረበት አገር ሆነን ስናየው፣ ጋራዥህ ውስጥ ያለ ማሽን ሌላ ከተማ ፈቃድ መጠየቁ ትንሽ ያስቃል፣ ትንሽም ያሳስባል።

ያቺ የማኅተም መቅረጫዋ ኬ40ም ብትሆን ስትመጣ ተቆልፋ ነበር። የራሷን ሶፍትዌር ብቻ ትሰማለች፤ ሶፍትዌሩም ኮምፒውተሩ ላይ ቁልፍ የምትሆን ትንሽ ፍላሽ ካልተሰካች አይሠራም። ባለቤቶቿ ሰሌዳዋን እየነቀሉ በገርብል የሚሠራ ሰሌዳ ተከሉባት። ሌላው ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጋር የምታወራበትን ቋንቋ አዳምጦ ፈታውና፣ ያለ ቁልፏ፣ በዋናው ሰሌዳ ላይ እንዳለ የሚያሠራት ኬ40 ዊስፐረር የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ሠርቶ፣ ከነኮዱ አውጥቶ ሰጠ።