የማይቀዳ ውኃ

አማርኛችን ለሁለት ሥራ አንድ ግስ ሰጥቷል፤ ውኃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ጽሑፍም ከጽሑፍ ይቀዳል። ኋላ ካሴትና ቪዲዮ ሲመጡም ሌላ ቃል አላስፈለጋቸውም። በዚህ ግስ ውስጥ የቆየ ፍርድ ያለ ይመስለኛል፤ አንዱ እንስራውን ሞልቶ በመሄዱ ምንጩ ለተከታዩ አይነጥፍም። (ውኃ በፈረቃ ስትጠብቅ ለኖረችው ጎንደር ምሳሌው ትንሽ ሽሙጥ ይመስላል፤ አንባቢ ይቅር ይበለኝ።)

የጥንት ቁም ጸሐፊዎች በብራና መጽሐፍ ላይ ግዝት ያሰፍሩ ነበር፤ መጽሐፉን የሰረቀም ሆነ የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን እያሉ። ልብ ብለን ካየነው ግዝቱ የሚከለክለው መስረቅንና መፋቅን እንጂ መቅዳትን አይደለም። መቅዳትማ ጽድቅ ነበር፤ ያጻፈውም የጻፈውም በጸሎት እንዲታሰቡ ስማቸው በመጽሐፉ ላይ ይሰፍራል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ኋላ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ነበር፤ ሄኖክ ግን ከእኛ ዘንድ አልጎደለም። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ሰብስበው መቅደላ ያኖሯቸው መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቁ ግን የሄዱት ራሳቸው ብራናዎቹ ነበሩ። መቅዳትና መውሰድ ምን ያህል እንደሚለያዩ ለማወቅ ጎንደሬ ሌላ መምህር አያሻውም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ግን ስለ ብራና ለማውራት አይደለም። ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ የሚያየውን የቴሌቪዥን ዝግጅት ለራሱ እንኳ እንዳይቀዳ የሚያግደው ቁልፍ ከወዴት መጣ? ለሚለው ጥያቄ መንደርደሪያ ስለሆነኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1984 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሶኒ ኩባንያ ላይ በቀረበው ክስ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ፤ ሰው የቴሌቪዥን ዝግጅት በቤቱ ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ቢያየው ሕግ አልጣሰም አለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ካናል ፕሉስ በፈረንሳይ ሥርጭቱን ቆልፎ፣ ለከፈለ ብቻ እየከፈተ ሥራ ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ «ኮተን ክለብ» የተባለው ፊልም ማክሮቪዥን በሚሉት መከላከያ ታጥሮ በካሴት ወጣ። ዘዴው ብልጠት አለው። በምስሎች መካከል፣ ዓይን በማያየው ክፍተት ውስጥ፣ የሐሰት ምልክት ይሰገሰጋል። ቴሌቪዥኑ ንቆ ያልፈዋል፤ መቅጃው ዴክ ግን ብርሃኑ የበዛ መስሎት ምስሉን ለማመጣጠን ሲታገል ቅጂው አንዴ ይጨልማል፣ አንዴ ይፈካል። ፍርድ ቤት የከፈተውን በር መሐንዲስ ዘጋው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ነው። ሕጉ ዴክ ፋብሪካዎች ለዚህ መከላከያ እንዲታዘዙ አስገደደ። አጥሩ የት የት እንደሚተከልም ደነገገ፤ በነፃ የሚተላለፈውን ሥርጭት ተመልካቹ እንዳይቀዳ መቆለፍ ተከለከለ፤ ወርኃዊ ክፍያ ከሚጠይቀው ጣቢያ የመጀመሪያውን ቅጂ ማገድ አልተፈቀደም፤ ተመልካቹ መርጦ በተናጠል የከፈለበት ዝግጅት ግን ፈጽሞ ሊቆለፍ ይችላል። እኔ ከሒሳብ ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ክፍያው ከፍ ባለ ቁጥር ለከፋዩ የሚቀርለት የሚያንስበት ሌላ ደረሰኝ አላጋጠመኝም።

በእኛ አህጉርም ዲኤስቲቪ እ.ኤ.አ. በ1995 ሥርጭት ጀመረ። ባለቤቱ መልቲቾይስ እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ አፍሪካ ቦክስ ኦፊስ የተባለ የፊልም ኪራይ ከፈተ። ደንበኛው ለአንድ ፊልም ይከፍል ነበር፤ 48 ሰዓት ያየው ነበር፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ፊልሙ ቤቱ ባለው ሳጥን ውስጥ ይዘጋበት ነበር። (መልቲቾይስን እ.ኤ.አ. በ2025 የጠቀለለው ያው የ1984ቱ ካናል ፕሉስ ነው።)

የባለ ሥራዎቹም እሮሮ እውነት አለው። እኔም ስንኝ የምቋጥር ነኝና፣ አልበም በወጣ ሳምንት ቅጂው በየመንገዱ ሲቸረቸር ድምፃውያን ምን ያህል እንደተጎዱ አላጣሁትም። ነገር ግን ቁልፉ የያዘው ማንን ነው? ሳጥኑን ከስክሪኑ ጋር በሚያገናኘው ገመድ ላይ የሚሠራው ኤችዲሲፒ የተባለ ቁልፍ ዋና ምስጢሩ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጥቶ ለዓለም ተበተነ። ዘራፊው በመስኮት ገብቶ ሲወጣ፣ በር ላይ ቆሞ የሚፈተሸው ደረሰኝ የያዘው ሰው ሆነ። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በአንቀጽ 9 ላይ ግለሰብ ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ ቢያወጣ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ደንግጎ ነበር። ሳጥን የሠሩት ሰዎች ግን ለእንዲህ ያለው አንድ ቅጂ ቀዳዳ አላስቀሩም።

መስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ በሲድኒ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም፣ የሠፈራችን አንድ ሰው ሩጫውን ከኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በካሴት ቀድተውት ነበር። ልጅ ሳለሁ በበዓል ቀን እየሄድን እናየው ነበር፤ ሳንቲም አልተከፈለበትም።

ኋላ ዳባት ቅርንጫፍ ስሠራ ከውጭ የተላከ ገንዘብ ሊወስዱ የሚመጡ አንድ የደባርቅ አባት ነበሩ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ1 ስትለያይ፣ አውሮፓ የሚኖር ልጃቸው ጨዋታውን በሚከፍልበት ጣቢያ ሳጥን ውስጥ ቀድቶት ነበር።

«እኔ ከሰው ጋር ተጋፍቼ ነው ያየሁት፤ ረጋ ብለህ ታየዋለህ ብሎኝ ነበር» አሉኝ። ልጁ በፍላሽ ሊልክላቸው ሞከረ፤ ሳጥኑ አላወጣም አለ። ውሉ ሲያበቃ ድርጅቱ ሳጥኑን መልሶ ወሰደ፤ ጨዋታውም አብሮ ሄደ።

«ልጄ፣ ከፍሎበት የለም እንዴ?»

«ከፍሏል አባቴ።»

ገንዘባቸውን ቆጥረው ከኪሳቸው ከከተቱ በኋላ፣ ከኋላቸው ሰልፉ እየረዘመ፣ አዳነ ግርማ ያገባትን ግብ ከመነሻዋ እስከ መረቡ በቃላቸው ተረኩልኝ።