ለጎረቤት እሳት የሮጡት

በሰንዳፋና በአካባቢዋ ኅዳርና ታኅሣሥ የአውድማ ወራት ናቸው። ጤፉና ስንዴው ታጭዶ ይከመራል፤ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ልፋት በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ውቂያ ይጠብቃል። ያን ሁሉ ለማውደም አንድ ፍም ይበቃል። በመሆኑም «እሳት!» የሚል ጩኸት ሲሰማ የማን ክምር እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የሰማ ሁሉ ይሮጣል።

ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ሰው ደመወዝ የለውም፤ ስሙም በመዝገብ አይገኝም። ልጆቹን የሚያሳድግ፣ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ወይም አርብ ከመስጊድ የማይጠፋ፣ የዕድሩን መዋጮ የማያጓድል አርሶ አደር ነው። ሥራውን ግን ያውቀዋል። የሣር ክዳን ቤት ከተያያዘ በመጀመሪያ ሕፃናትና አዛውንት ይወጣሉ፤ ከዚያ ከብቱ ይፈታል፤ እህሉ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። የሚነደው ክዳን በመንሽ ተጎትቶ ይወርዳል። ክምር ሲሆን ደግሞ ውኃ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በእርጥብ ቅጠል ይመታል፣ አፈር ይበተንበታል፣ ነፋሱ ወደሚነፍስበት በኩል ያለው ገለባ በፍጥነት ይጠረጋል። ሴቶቹ ውኃ ያመላልሳሉ። ይህ ትንሽ ሥራ የሚመስለው ጄሪካን ተሸክሞ ዳገት ያልወጣ ሰው ብቻ ነው።

እሳቱ ሲጠፋ ሥራው አያበቃም። የተቃጠለበት ሰው ቤት በደቦ ይሠራለታል፤ አንዱ እንጨት፣ ሌላው ሣር፣ ሌላው ለዘርና ለቀለብ የሚሆን እህል ያመጣል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ በአደጋ ንብረቱን ያጣ ሰው የሚቋቋምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ። የኦሮሚያ ክልልም በቅርብ ዓመታት በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል።

ይህ ልማድ ከባድ ፈተና የገጠመው በ1992 ዓ.ም. ነበር። ድርቅ በበረታበት በዚያ ዓመት በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው እሳት ለሳምንታት ነደደ። ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ጎዳ። ከአካባቢው አርሶ አደሮች ጋር ተማሪዎችና ወታደሮች ዘመቱ፤ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች መጡ። አብዛኛው ዘማች ግን በእጁ የነበረው ቅርንጫፍ፣ መጥረቢያና አካፋ ነበር። እሳቱን በመጨረሻ ያበረደው ዝናብ ነው፤ ዝናቡ እስኪመጣ ግን ፊት ለፊት የቆሙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠልም ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከመምጣታቸው በፊት ገደሉን የወጣው የአካባቢው ገበሬ ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ እ.ኤ.አ. በ1736 ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ጎረቤቶቹ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊ ማኅበር አቋቋሙ። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲና ዕቃ ማውጫ ከረጢት በራሱ ወጪ ያዘጋጃል፤ በየወሩም ይሰበሰባሉ። ከዕድር ብዙም የራቀ አይደለም። ከ16 ዓመት በኋላ እዚያው ከተማ አባላት ቀድመው እያዋጡ ቤቱ የተቃጠለበትን የሚክሱበት የጋራ መድን ተመሠረተ። እዚህ ላይ የእኛ ዕድር ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ ለሞት በደንብ የተደነገገ መዋጮ አለው፣ ለተቃጠለ ክምር ግን ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በሰው ቸርነት ነው። የዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ባጸደቃቸው መርሆዎች ሰባተኛው ለማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ለአንድ ማኅበር የውኃ በርሜልና አካፋ በየአውድማው ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይሆንም።

ሰንዳፋ ዛሬ ተለውጣለች። የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ በአንጻሩ ቤቱ ተጠጋግቷል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው በዝቷል፣ ቅጠሉ ዘይት ያለበት ባሕር ዛፍም በየአጥሩ ቆሟል።

በ1992 በቅርንጫፍ እሳት የመቱት የባሌ ገበሬዎች የስም ዝርዝር የላቸውም። የሐረና ደን ግን ዛሬም አለ፤ አርሶ አደሮች ከውስጡ የጫካ ቡና ይለቅማሉ፣ ከዛፎቹም ላይ ቀፎ ይሰቅላሉ።