ከማሳ የሚወጣውና ወደ ማሳ የማይመለሰው፦ የኦርጋኒክ ግብርና ጥያቄ በኢትዮጵያ ደጋ

በአገራችን ስለ ኦርጋኒክ ግብርና የሚደረገው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠነጥነው የፋብሪካ ማዳበሪያ ይቅር ወይስ ይቀጥል በሚለው ላይ ነው። የደጋው አፈር ግን የተጎሳቆለው ዩሪያ አገር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነው። ጤፉ ታጭዶ ሲወቃ ጭዱ ለከብት ይቀመጣል፤ የማሽላው አገዳ ለማገዶና ለአጥር ይነሣል፤ በማሳው ላይ የቀረውን ገለባ ልቅ ግጦሽ ይጨርሰዋል። ከብቱ የበላውን በእበት መልክ ቢመልስም፣ እበቱ ተጠፍጥፎ በፀሐይ ይደርቅና ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። እዚያ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይበናል። ፎስፈረስና ፖታሲየም የያዘው አመድም ቢበዛ ከጓሮ አያልፍም። ከቤት አጠገብ ያለው መሬት ጎመንና በቆሎ ሲያፋፋ ራቅ ያለው ማሳ ከዓመት ዓመት የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው፤ በደጋው ኦርጋኒክ ግብርና የሚወሰነው ከማዳበሪያ መጋዘኑ ይልቅ በምድጃውና በግጦሹ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ ትግራይ ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር ሆኖ በጥቂት ቀበሌዎች የኮምፖስት ሥራ ጀመረ፤ በሐሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ያለው አዲ አቦ ሞሳ አንዱ ነበር። ሥራውን ከመሩት መካከል የዕፅዋት ሊቁ ዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ይገኙበታል። ኮምፖስቱ ብቻውን አልሄደም። እርከን ተሠራ፣ ቦረቦር ተገደበ፣ ከሁሉም በላይ ነዋሪው ልቅ ግጦሽን የሚገድብ የራሱን ደንብ አወጣ። ሣር ታጭዶ ከብት በበረቱ ሲበላ እበቱም በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ በየሜዳው የተበተነ እበት ለቅሞ ኮምፖስት ማዘጋጀት ግን ለማንም ገበሬ ከባድ ነው።

ምርቱ የተለካው በገበሬዎቹ ማሳ ላይ ነበር፤ ከየማሳው ሦስት ቦታ አንድ አንድ ሜትር ካሬ እየታጨደ ተመዘነ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ምንም ካልተጨመረበት እጅግ የተሻለ ምርት ሰጠ፤ በአብዛኞቹ ሰብሎችም የፋብሪካ ማዳበሪያ ከተጨመረበት አላነሰም፣ እንዲያውም በለጠ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልኬቱ በዕጣ የተመደበ የምርምር ጣቢያ ሙከራ ስላልሆነ፣ ኮምፖስት የሚያዘጋጀው ገበሬ ድሮውንም ትጉህ፣ ማሳውም የተመረጠ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ውጤቱን ከቁም ነገር የምቆጥረው ኮምፖስት እርጥበት ስለሚይዝና ጉልበቱ በአንድ ክረምት ስለማያልቅ ነው። ዝናብ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማዳበሪያ በዱቤ ወስዶ ዝናቡ የቀረበት ገበሬ ዕዳው አይቀርለትም፣ ኮምፖስት የበተነው ግን ዕዳ የለበትም።

የአሠራሩ ዕውቀት ረቂቅ ቢሆንም ከገበሬው እጅ አይርቅም። ደረቅ ገለባ፣ እርጥብ ቅጠልና አረም፣ ከዚያ እበትና ጥቂት አፈር እየተደራረበ ሲከመር መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ይተከላል። ከቀናት በኋላ ዱላው ተነቅሎ በእጅ ይዳሰሳል። ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ብስባሹ እየሠራ ነው፤ ደረቅ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል፤ ቀዝቅዞና ረጥቦ መጥፎ ሽታ ካመጣ ደግሞ አየር አጥቷልና መገላበጥ አለበት።

ይሁን እንጂ ስሌቱን መሸሽ አይገባም። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ከደረቅ ክብደቱ አንድ በመቶው ናይትሮጅን የሆነ ኮምፖስት ያንኑ ያህል እንዲሰጥ 46 ደረቅ ኩንታል ያስፈልጋል፤ ያውም ናይትሮጅኑ የሚለቀቀው ቀስ በቀስ ነው። ይህን ሁሉ ቆፍሮ፣ አጠጥቶና ተሸክሞ ማሳ የሚያደርሰው የቤተሰቡ ጉልበት ነው። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ በድንገት ከልክላ በዚያው ዓመት እገዳውን ለማላላት የተገደደችው፣ ምትኩ ሳይዘጋጅ በትእዛዝ ብቻ ለመሻገር በመሞከሯ ነው። ለእኛም የሚሻለው ያለውን ዩሪያ ሳይከለክሉ የኮምፖስቱን ድርሻ ከዓመት ዓመት ማሳደግ ነው። ባቄላና ሽምብራ በሥራቸው ካለው ባክቴሪያ ጋር ሆነው ናይትሮጅንን ከአየር ያመጣሉና ከእህል ጋር መፈራረቃቸው ችላ ሊባል አይገባም። መሬቱ አሲዳማ በሆነበት ምዕራባዊ ደጋ ግን ባክቴሪያው ስለሚዳከም መጀመሪያ ኖራ ያስፈልጋል፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ከኦርጋኒክ ግብርና ደንብ ጋር አይጋጭም።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ወጥቷል፤ የቡና ዩኒየኖችም በኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት ወደ ውጭ እየሸጡ የተሻለ ዋጋ አግኝተዋል። ምስክር ወረቀት ግን አፈር አያለማም። ገንዘብ አጥቶ ማዳበሪያ ያልገዛን፣ እበቱንም የሚያነድን ገበሬ «በተፈጥሮው ኦርጋኒክ ነው» ማለት ድህነቱን ማሞገስ ነው።

እበት ሁለት ጊዜ የሚያገለግልበት መንገድ አለ። በባዮጋዝ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ለምድጃ የሚሆን ጋዝ ይወጣዋል፤ የሚቀረው ዝቃጭ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ውኃና በቂ ከብት ለሌለው ቤት ደግሞ ማገዶ ቆጣቢው «ምርጥ» ምድጃና በየድንበሩ የሚተከል የማገዶ ዛፍ ኩበቱን ከእሳት ያስጥላሉ። ዛሬ ምድጃው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ኮምፖስቱ በሌላ፣ የግጦሹ ጉዳይ በሦስተኛው ተይዟል፤ የልማት ሠራተኛውም የሚጠየቀው ስንት የኮምፖስት ጉድጓድ አስቆፈርክ ተብሎ ነው። የግብርናና የኢነርጂ ቢሮዎች ሦስቱን በአንድ ዕቅድ ያምጧቸው፤ ከወረዳ የሚመጣው ሪፖርትም ስንት ኩንታል ብስባሽ ከማሳ እንደደረሰና ስንት ቤት ኩበት ማንደድ እንዳቆመ ይናገር።